«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

አክስቴ የደወሉልኝ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። «ልጄ፣ ያን ያሳየሽኝን ነገር ሳላበላሸው አልቀረሁም» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ያሳየሽኝ ነገር» የሚሉት ቻትቦቱን ነው፤ ሲጽፉለት በጽሑፍ የሚመልሰውን ፕሮግራም። አክስቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው የሚልኩት ረዥም ደብዳቤ ጀምረው ነበር። ሐሳቡ የራሳቸው ነው፤ አረፍተ ነገሩን የሚያቃናላቸው ግን ይፈልጉ ነበር። እኔ ሁልጊዜ አጠገባቸው ስለማልገኝ አካውንት ከፈትኩላቸውና አጠቃቀሙን አሳየኋቸው። ሁለት ሳምንት ያህል ያለ ችግር ሠሩበት።

«ምን ይላል እትዬ?»

«የሆነ ስህተት ተፈጥሯል ይላል።»

«ቁጥር የለውም? ከሥሩ ይፈልጉልኝ እስቲ።»

ዝም አሉ። መነጽራቸውን ከመያዣው ሲያወጡ ይሰማኛል። «503» አሉ በመጨረሻ፤ አንድ በአንድ፣ አምስት፣ ዜሮ፣ ሦስት ብለው።

«እንግዲያው እርስዎ ምንም አላጠፉም። የተበላሸው እነሱ ጋ ነው።»

ረዥም ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እኮ አልነካሁትም። እንዳላብሰው ፈርቼ» አሉኝ።

ይህ ንግግራቸው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አርባ ዓመት ሰው ያስተማሩ ሴት ባላጠፉት ጥፋት ግማሽ ቀን ተጨንቀው ዋሉ። ደግሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም። በቅርቤ ያሉ ብዙ ሰዎች ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ ቀድመው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ከዚያ ወይ ይተዉታል፣ ወይ ያገኙትን ሁሉ እየተጫኑ ነገሩን ያብሱታል። እኔም ሁለቱንም አድርጌያለሁ። አሁን ግን አንድ ልማድ ይዣለሁ። ምንም ከመንካቴ በፊት የተበላሸው የት እንደሆነ አጣራለሁ። እኔ ጋ ነው? መንገድ ላይ ነው? ወይስ እነሱ ጋ? መጠገኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለዚህ ትልቁ ረዳት ያ ሁሉም የሚፈራው ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ ቻትቦት ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ብሮውዘር (ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም) እና ሰርቨር (አገልግሎቱን የሚሰጠው የኩባንያው ኮምፒውተር) ሲግባቡባቸው የኖሩ ናቸው። በ4 የሚጀምር ከሆነ ሰርቨሩ «ይህን ጥያቄ እንደተላከልኝ አላስተናግድም» እያለ ነው። በ5 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ «ጥያቄው ደርሶኛል፤ ችግሩ እኔ ጋ ነው» ማለቱ ነው። 500 ውስጥ ያልታሰበ ነገር ተበላሸ ማለት ነው። 502 እና 504 በመካከል ያለው አስተላላፊ ሰርቨር የሚሰጣቸው ናቸው። የመጀመሪያው ከኋላው የማይረባ መልስ ሲመጣለት፣ ሁለተኛው ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ነው። የአክስቴ 503 «ለጊዜው ማስተናገድ አልቻልኩም» ነው፤ ወይ ተጨናንቋል ወይ ጥገና ላይ ነው። እነዚህ ሲመጡ ካሽ (ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን የገጽ ቅጂ) ማጽዳትም፣ ስልክ ማጥፋትና ማብራትም፣ ፓስወርድ መቀየርም አይጠቅምም። ትልልቆቹ አገልግሎቶች የአገልግሎታቸውን ሁኔታ የሚያሳውቁበት ገጽ አላቸው። እሱን ማየትና ቆይቶ መመለስ ብቻ ነው መፍትሔው።

በ4 ከሚጀምሩት 401 «ማንነትሽን አላወቅኩም» ነው፤ ብዙ ጊዜ ወጥቶ እንደገና መግባት ይበቃዋል። 403 ክልከላ ነው፤ አካውንቱ ያልተፈቀደለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ አገልግሎቱ የማይሰጥበት አገር ሊሆን ይችላል፣ ቪፒኤንም (ግንኙነትን በሌላ ቦታ አድራሻ የሚያሳልፈው መሣሪያ) ሊሆን ይችላል። 404 ያ ውይይት ጠፍቷል ወይም ሊንኩ ተሳስቷል።

429 ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝ እሱ ነውና።

እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘጋ ማመልከቻ ነበረኝ። ከቻትቦቱ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ስንመላለስ ቆይተን መልሱ መሀል ላይ ድርቅ አለ። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ጽሑፉ ግን ፍንክች አልል አለ። «እንደገና ሞክር» የሚለውን ተጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ሰዓቱን እያየሁ፣ ቆሽቴ እያረረ፣ ስንት ጊዜ እንደተጫንኩት አላውቅም። ከዚያ 429 መጣ፦ «ብዙ ጥያቄ ልከሻል»። ደነገጥኩና ገጹን ሪፍሬሽ አደረግሁት። ሳጥኑ ውስጥ ጽፌ ያልላክሁት ረዥም መልእክት ነበር። ውሃ በላው።

ያኔ ያልገባኝ ነገር እያንዳንዷ ጭነት እንደ አዲስ ጥያቄ መቆጠሯ ነው። 429 በድረ ገጽ ደንብ ውስጥ በይፋ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሥራው አንድ ሰው ብቻውን ሰርቨሩን እንዳያጨናንቅ መግታት ነው። ገደቡ በደቂቃ ሊለካ ይችላል፣ በጥቂት ሰዓታት ሊለካ ይችላል፣ በመልእክት ብዛት ወይም በጽሑፍ መጠንም ሊለካ ይችላል። ስለዚህ ጥቂት መልእክት ልኮ ግን ትልልቅ ፋይል ያያያዘ ሰውም ይደርስበታል። አንዳንዱ አገልግሎት በስንት ሰዓት መመለስ እንደሚቻል ይጽፋል። ካልጻፈ እጅን ሰብሰብ አድርጎ መጠበቅ ነው።

ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙበትን ዘዴ ስሰማ በጣም ወደድኩት። ፕሮግራማቸው ሲከለከል አንድ ሰከንድ ጠብቆ ይሞክራል። አሁንም ከተከለከለ ሁለት ሰከንድ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት እያለ ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ ይጨምሩበታል፤ የተከለከሉት ሁሉ እኩል ተመልሰው ሰርቨሩን እንደገና እንዳይጥሉት። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እሞክራለሁ፣ ካልሆነ አንድ ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ካልሆነ ተነሥቼ ሌላ ሥራ እይዛለሁ። በተጨማሪ ከሦስት መስመር የበለጠ ነገር ስጽፍ መጀመሪያ ማስታወሻ ላይ እጽፈዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ከጻፍኩትም ከመላኬ በፊት ሙሉውን መርጬ ኮፒ አደርገዋለሁ። ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ያን ሌሊት ባደርገው ኖሮ ማመልከቻውን እንቅልፍ እያዳፋኝ እንደ አዲስ አልጽፈውም ነበር።

ቁጥሩ የሚረዳውን ያህል አንዳንድ ጊዜ መልእክቱ ራሱ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2025 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ቻትጂፒቲና ኤክስን ጨምሮ ብዙ ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ መሥራት አቆሙ። ምክንያቱ በተጠቃሚውና በድረ ገጹ መካከል ቆሞ ትራፊኩን የሚያስተናግደው ክላውድፍሌር ነበር። ኩባንያው በኋላ እንዳብራራው፣ በአንድ ዳታቤዝ ፈቃድ ላይ የተደረገ ለውጥ ቦቶችን (ድረ ገጽ የሚጎበኙ ፕሮግራሞችን) ከሰው ለመለየት የሚያገለግል ፋይል መጠኑ እጥፍ እንዲሆን አደረገው። ፋይሉን የሚያነበው ሶፍትዌር ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ መቀበል ስለማይችል ወደቀ። የቻትጂፒቲ ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ ያዩት ጽሑፍ ግን «ለመቀጠል እባክዎ የክላውድፍሌርን የማረጋገጫ አድራሻ እገዳ ያንሱ» የሚል ነበር። እገዳ የጣለ ተጠቃሚ የለም። ሆኖም ያን ያነበበ ሰው ብሮውዘሩን ይፈታትሻል፣ ኤክስቴንሽኑን (ብሮውዘሩ ላይ የጨመረውን ተቀጥላ ፕሮግራም) ያጠፋል፣ ዋይፋዩን ይነቅላል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የሌላ ሆኖ ሳለ መልእክቱ ጣቱን ወደ ተጠቃሚው ቀሰረ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ያናድደኛል። «የሆነ ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ዝም ማለት ትንሽ ነገር ይመስላል። «ስህተቱ የእኛ ነው፤ የጻፉት አልጠፋም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ» ብሎ መጻፍ ስንት መስመር ይፈጃል? አክስቴ ያንን ቢያነቡ ግማሽ ቀናቸው አይቃጠልም ነበር። ስለዚህ መልእክቱ ምንም ቢል ሌላ ሰው አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ። «እናንተ ጋ ይሠራል?» የምትለዋ አጭር ጥያቄ ከብዙ መፈታተሽ አድናኛለች።

እነሱ ጋ ሰላም ከሆነስ? እንግዲያው እኔ ጋ ወይም መንገድ ላይ ነው። እዚህ የምተማመንበት አንድ ሙከራ አለ። ያንኑ ገጽ በብሮውዘሩ የግል መስኮት እከፍተዋለሁ፤ ኢንኮግኒቶ የሚባለው ማለት ነው። ይህ መስኮት የቆዩ ኩኪዎችን (ድረ ገጹ እኛን ለማስታወስ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጣቸውን ትንንሽ መረጃዎች) አይዝም፣ ኤክስቴንሽኖችንም አብዛኛውን ጊዜ አያስገባም። እዚያ ከሠራ ችግሩ ከሁለቱ አንዱ ነው። ኤክስቴንሽኖችን አንድ በአንድ እያጠፉ መሞከር ነው፤ ማስታወቂያ የሚያግዱትና ገጽ የሚተረጉሙት ብዙ ጊዜ ጣጣ ያመጣሉ። ካልሆነ የዚያን ድረ ገጽ ኩኪ ማጥፋት። የዚያን ብቻ! ሁሉንም ያጠፋ ሰው ከሁሉም አካውንቱ ይወጣል፤ ከዚያ ፓስወርድ ፍለጋ ሌላ ቀን ይሄዳል። በግል መስኮቱም ካልሠራ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ እቀይራለሁ። በዳታ ከሠራ ጉዳዩ የዋይፋዩ ነው።

ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። አንድ የቪፒኤን አድራሻ ላይ ብዙ ሰው ይሰለፋል። ሰርቨሩ ከዚያ አድራሻ የሚጎርፈውን ሁሉ እንደ አንድ ላኪ ሊያየው ይችላል። «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚለው ሳጥን ደጋግሞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ሰዓትም አለ። አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑ ቻትቦቱን ብቻ ሳይሆን ምንም ገጽ አልከፍትለት አለ። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይለዋል። ቫይረስ ነው ብሎ ሁሉንም ነገር አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊጭን ተነሥቷል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ቀን አየሁት፤ ብዙ ዓመት ወደኋላ ሄዷል። የውስጧ ትንሿ ባትሪ ደክማ ኖሮ ላፕቶፑ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባ ነበር። የድረ ገጽ የደህንነት ሰርተፊኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ያለበትን ቀን ካላወቀ ሰርተፊኬቱን አይቀበለውም። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረው የመግቢያ ኮድም በሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው። ቀኑን አስተካከልን፤ ሁሉም ተከፈተ። ጓደኛዬ ስክሪኑን ሲያይ የነበረው ፊት አይረሳኝም።

መልስ መሀል ላይ ሲቆረጥም ወዲያው አዲስ ጥያቄ መላክ አያስፈልግም። ቻትቦት መልሱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ በአንድ ጊዜ አይደለም የሚልከው፤ እየጻፈ ቁርጥራጩን ይለቃል። ያ ሁሉ ጊዜ መስመሩ ክፍት መሆን አለበት። ኔትወርክ ከተቆራረጠ ወይም ስልኩ ከተቆለፈ መስመሩ ይበጠሳል። ነገር ግን ሰርቨሩ ዘንድ መልሱ ተጽፎ አልቆ ሊሆን ይችላል። በሳጥኑ ውስጥ ያልተላከ ጽሑፍ አለመኖሩን አይቼ ገጹን ሪፍሬሽ አደርጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሙሉው መልስ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ካልሆነ «ካቆምክበት ቀጥል» ይበቃል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ምንም ቁጥር የማያሳይ ስህተት ነው። አክስቴ በሌላ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ስሜን ረሳው። ደብዳቤው ለማን እንደሆነም ረሳው። ተቀይሞኝ ይሆን?» ተቀይሞ አልነበረም። ሳምንታት ሙሉ በአንድ ውይይት ውስጥ ነበሩ። ቻትቦት በአንድ ጊዜ ሊያየው የሚችለው የጽሑፍ መጠን ገደብ አለው፤ የሚለካውም ቶክን በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው። ከቻትጂፒቲ ጀርባ ካሉት ሞዴሎች አንዱ የሆነው ጂፒቲ 3.5 ቱርቦ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ገደቡ 4,096 ቶክን ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የመጣው ጂፒቲ 4 ቱርቦ 128,000 ደረሰ። ገደቡ ቢሰፋም ያልቃል። ሲያልቅ በብዙዎቹ ዘንድ የመጀመሪያው ንግግር ከእይታ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንም አይነግራችሁም።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ቶሎ እንደርሳለን። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው። በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (ባይት ኮምፒውተር የመረጃን መጠን የሚለካበት ትንሽ መለኪያ ነው) ስለሚይዝ ቃሉ 9 ባይት ይሆናል። በላቲን ፊደል የተጻፈ ባለ ሦስት ፊደል ቃል 3 ባይት ብቻ ነው። ጽሑፍን ወደ ቶክን የሚቆራርጡት መሣሪያዎችም በአብዛኛው የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ አማርኛውን ይበልጥ ያደቅቁታል። ያው ሐሳብ በእኛ ፊደል ብዙ ቶክን ይበላል። ስለዚህ አክስቴን እንዲህ አልኳቸው። ደብዳቤው እስካሁን የደረሰበትን ሙሉ ጽሑፍ ኮፒ ያድርጉ፤ አዲስ ውይይት ይክፈቱ፤ ለማን እንደሚጻፍና ምን ዓይነት አነጋገር እንደሚፈልጉ በአራት መስመር ይንገሩት፤ ከዚያ ጽሑፉን ፔስት ያድርጉ። ገጹም ያኔ ቀለል አላቸው። በጣም የረዘመ ውይይት ብሮውዘሩንም ያንቀራፍፈዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ የምናገረው አለ። ቻትቦቱ ሲበላሽ ቻትቦቱን ራሱን «ለምን ተበላሸህ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ መልሱን አትመኑ። ሰርቨሩ መጨናነቁን፣ የእናንተ ኔትወርክ መቆራረጡን፣ ገደባችሁ ስንት እንደቀረው በአብዛኛው አያይም። የሚያየው የተጻፈለትን ጽሑፍ ነው። ግን መልስ ይሰጣል፤ አሳማኝ መልስ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ሰነድ እንዲያዘጋጅላት ጠየቀችው። «እየሠራሁት ነው፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመለሺ» አላት። ተመለሰች። «ትንሽ ቀረኝ፤ ለትዕግሥትሽ አመሰግናለሁ» አላት። ማታም ጠየቀችው፤ «90 በመቶ ደርሻለሁ» አለ። እሷም ጠበቀች። በነጋታው ስትነግረኝ ልቤ ተነካ፤ ሰው እንደሚያምን አምና ነው የጠበቀችው። በተራ ውይይት ውስጥ ቻትቦት መልሱን ጽፎ ሲጨርስ ሥራውም ያልቃል። ከጀርባ የተለየ ሥራ እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ገጹ ላይ ከሌለ ማንም እየሠራ አይደለም። «ያለህን አሁኑኑ እዚሁ ጻፍልኝ» ብላ እንድትጠይቀው ነገርኳት። ጻፈላት።

በቅርቡ አክስቴ እንደገና ደወሉ። በዚህኛው ሰላምታ አስቀደሙ፤ ጤናዬን ጠየቁ፣ ሥራዬን ጠየቁ። ከዚያ፣ «502 ይላል» አሉኝ።

«እሺ እትዬ።»

«የነሱ ነው አይደል?»

«የነሱ ነው።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው። ደብዳቤውን ማስታወሻው ላይ ገልብጬዋለሁ፤ ነገ እመለስበታለሁ» አሉና፣ ስለ አንዲት ከሠላሳ ዓመት በፊት ስላስተማሯት ልጅ ያወሩልኝ ጀመር። ደብዳቤው ውስጥ አንድ አንቀጽ ሊጽፉላት አስበዋል።